የሌላ ፀሐይ ፕላኔት በላፕቶፕ እንዴት ይፈለጋል?

ቴሌስኮፕ አያስፈልጋችሁም። ይህን መጀመሪያ ልበለውና ልገላገል። ከፀሐያችን ውጭ ባሉ ከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶችን የሚያጠኑት ተመራማሪዎች ራሳቸው አብዛኛውን የሥራ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ሌሊት ቆመው ሰማይ በማየት አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው በነጥብ የተሞላ ግራፍ ሲያገላብጡ ነው። ዳታው ደግሞ ነፃ ነው። ቴስ የተባለችው የናሳ ሳተላይት የለካችው የከዋክብት ብርሃን ባልቲሞር በሚገኘው የስፔስ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ማስት በሚባል ማከማቻ ውስጥ ተቀምጧል። ማንም ሰው ሳይከፍልና የድጋፍ ደብዳቤ ሳያጽፍ ያወርደዋል።

እዚህ የምንሠራው አንድ ሥራ ነው። የታወቀ ፕላኔት ጥላን ከእውነተኛ ዳታ ውስጥ በገዛ እጃችሁ ታወጣላችሁ፣ መጠኑን ታሰላላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ኮከብ ላይ ተመሳሳይ ነገር ስታዩ ምን ምን መጠርጠር እንዳለባችሁ እናያለን። ዋናው ያ የመጨረሻው ነው፤ ፕላኔት የሚመስል ነገር ማግኘት ቀላል ነው፣ ከባዱ አለመሆኑን ማወቅ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ምኑን ነው የምንፈልገው?

ፕላኔቱን አናየውም። የኮከቡ ብርሃን ይውጠዋል። የምናየው ኮከቡን ብቻ ነው። የምንጠብቀው ደግሞ ፕላኔቱ በእኛና በኮከቡ መካከል ሲያልፍ ነው፤ ያኔ ብርሃኑ ጥቂት ይቀንሳል፣ ለተወሰነ ጊዜ እንደቀነሰ ይቆያል፣ ከዚያ ተመልሶ ይስተካከላል። ተመራማሪዎቹ ትራንዚት ይሉታል። ብትፈልጉ ግርዶሽ በሉት፣ በጣም ትንሽ ግርዶሽ።

ምን ያህል ትንሽ? ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ፀሐይን በሚያህል ኮከብ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ምድርን የሚያህል ከሆነ ግን 0.008 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ጀማሪ ከትልቁ ይጀምራል፣ ሌላ አማራጭ የለም።

ሌላም ጣጣ አለ። ፕላኔቱ የሚዞርበት መንገድ ከእኛ የእይታ መስመር ጋር መግጠም አለበት። ከሩቅ ሆኖ የእኛን ምድር በዚህ ዘዴ የሚፈልግ ፍጡር ቢኖር የመግጠም ዕድሉ ከ200 አንድ ገደማ ነው። ኮከባቸውን ተጠግተው ለሚዞሩት ትላልቆች ግን ከ10 አንድ ሊደርስ ይችላል። ኬፕለር የተባለው ቴሌስኮፕ በ2009 ተመጥቆ ከ150,000 በላይ ከዋክብት ላይ ለዓመታት ዓይኑን ሳይነቅል ያፈጠጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥቂት ኮከብ አይቶ ዕድልን መጠበቅ አያዋጣም።

ታሪኩን ባጭሩ። ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ፕላኔት፣ 51 ፔጋሲ ቢን፣ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ በ1995 ይፋ ሲያደርጉ ያገኙት በትራንዚት አልነበረም፤ ፕላኔቱ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ሲጎትተው በብርሃኑ ላይ የሚፈጠረውን ለውጥ ለክተው ነው። በ2019 ኖቤል ሸለማቸው። የመጀመሪያው ትራንዚት የታየው በ1999 ሲሆን ኮከቡ ኤችዲ 209458 ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተ። ናሳ የሚቆጥራቸው የተረጋገጡ ፕላኔቶች በመስከረም 2025 ከ6,000 አልፈዋል፤ አብዛኞቹም የተገኙት በትራንዚት ነው።

መለማመጃ ኮከብ ምረጡ

የእኔ ምርጫ ዋስፕ-18 ነው። በደቡብ ሰማይ ፊኒክስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ፣ ከእኛ 400 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ይገኛል። ፕላኔቱ ዋስፕ-18 ቢ ይባላል፤ በ2009 ነው ይፋ የሆነው። አሥር ጁፒተር ያህል ይመዝናል፣ ኮከቡን አንዴ ለመዞር የሚፈጅበት ደግሞ 22 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ አንድ ዓመቱ ከእኛ አንድ ቀን ያንሳል።

ለጀማሪ የሚመቸውም ለዚህ ነው። ቴስ አንድን የሰማይ ክፍል የምታየው ለ27 ቀን ያህል ነው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትዞራለች። እያንዳንዱ ክፍል ሴክተር ይባላል። በአንድ ሴክተር ውስጥ ዋስፕ-18 ቢ ከሃያ ጊዜ በላይ ያልፋል። ግራፉን ገና ስትከፍቱት ቁልቁል የወረዱት ጥርሶች ተሰድረው ይታያሉ፣ ምንም ስሌት ሳይሠራ።

«የኛን ለምን አንሞክርም?» የሚል አይጠፋም። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለእያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 ነበር። ኮከቡ ቡና ተባለ፣ ፕላኔቱ አቦል። ደስ ይላል፣ ግን በዚህ ዘዴ አቦልን አታገኙትም። አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ 1,000 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ የተገኘውም እንደ 51 ፔጋሲ ቢ ኮከቡን ሲያወዛውዘው በመለካት ነው። በ27 ቀን ዳታ አቦልን መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው።

ዳታውን ማውረድ

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፒውተራችሁ ላይ መጫን አያስፈልግም። ጉግል ኮላብን ክፈቱ፤ የጂሜይል አካውንት ካላችሁ በቂ ነው። ኮላብ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ጉግል ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ዳታውም የሚወርደው ወደዚያ ነው እንጂ ወደ እናንተ አይደለም። ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበትና ፓኬጅ ለሚቆጥብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ወደ እናንተ የሚመጣው ስዕሉ ብቻ ነዋ። ስልክም ይከፍተዋል፣ ግን ስቃይ ነው፤ ካልቸገራችሁ ላፕቶፕ ፈልጉ።

ቀጥሎ ላይትከርቭ የሚባለውን የፓይተን ጥቅል ጫኑ። የተሠራው ለኬፕለርና ለቴስ ዳታ ነው፣ እሱም ነፃ። ሰነዱ ውስጥ የተዘጋጁ ምሳሌዎች አሉ፤ ኮዱን እዚያው ገልብጣችሁ የኮከቡን ስም ብቻ ቀይሩ። ፓይተን አልችልም ብላችሁ አትፍሩ። እዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ኮድ አሥር መስመር ቢሆን ነው።

በመጀመሪያው መስመር ኮከቡን በስሙ (WASP-18) ትፈልጋላችሁ። በዋስፕና በ18 መካከል ሰረዝ አትርሱ። አንድ ሠንጠረዥ ይመጣላችኋል፤ በየረድፉ ሴክተሩ፣ ዳታውን ያዘጋጀው ቡድንና በስንት ሰከንዱ እንደተለካ ተጽፏል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል፣ ምክንያቱም ለአንድ ሴክተር ሦስት አራት ዓይነት ዳታ ሊመጣ ይችላል። ለጅምሩ አዘጋጁ «ስፖክ» (SPOC) የሆነውን፣ በ120 ሰከንድ የተለካውን አንድ ረድፍ ብቻ ምረጡ። ስፖክ የናሳው ማቀናበሪያ ማዕከል ነው፤ የሳተላይቷን ንዝረትና የካሜራውን ባሕርይ ከሞላ ጎደል አርሞ የሚያወጣው ዳታ ንጹሕ ነው። አንዱ ፋይል ሁለት ሜጋባይት ቢሆን ነው።

አውርዱትና ሳሉት። ወደ ጎን ያለው ጊዜ ነው፣ ወደ ላይ ያለው ብርሃን። ጊዜው በሺዎች የሚቆጠር እንግዳ ቁጥር ሆኖ ስታዩ አትደንግጡ፤ ተመራማሪዎች ቀን የሚቆጥሩት የጁሊያን ቀን በሚባል፣ ወርና ዓመት በሌለው ተከታታይ ቁጥር ነው፣ የቴስ ሰዎች ደግሞ ቁጥሩ እንዳይረዝም 2,457,000 ቀንሰውለታል። መሐል ላይ ባዶ ክፍተት ታያላችሁ። ሳተላይቷ ወደ ምድር ዞራ ዳታ ስትልክ የፈጠረችው ክፍተት ነው እንጂ ኮከቡ ምንም አልሆነም።

ማጽዳት፣ ግን በልኩ

አራት ነገር አድርጉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ተጠንቀቁ።

ባዶ የሆኑ መለኪያዎችን አስወግዱ። ብርሃኑን አማካዩ 1 እንዲሆን አመጣጥኑት። ከዚያ ቀስ እያለ የሚወጣ የሚወርደውን አዝማሚያ አስተካክሉ፤ ይህ በላይትከርቭ ፍላትን ይባላል፣ አደጋው ያለውም እዚህ ነው። ፍላትን የሚሠራው በመስኮት ነው፦ ጥቂት ተከታታይ ነጥቦችን ይወስድና አዝማሚያቸውን አስልቶ ያቃናል። ምንም ካልነገራችሁት መስኮቱ 101 ነጥብ ነው። በሁለት ደቂቃ ልዩነት የተለካ ዳታ ላይ 101 ነጥብ ማለት ሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። የዋስፕ-18 ቢ ትራንዚት ደግሞ ራሱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቆያል። እንግዲህ ፕሮግራሙ ትራንዚቱን ራሱን አዝማሚያ ነው ብሎ ያቃናዋል፣ ፕላኔቱን በገዛ እጃችሁ አጠፋችሁት ማለት ነው፣ ምንም ስህተት አለ የሚል መልእክትም አይመጣም። መስኮቱን 901 አድርጉት። ጎዶሎ ቁጥር ይሁን።

ሌላው ወጣ ያሉ ነጥቦችን መቁረጥ ነው። ወደ ላይ የወጡትን ብቻ ቁረጡ። ወደ ታች የወረዱትን «ስህተት ናቸው» ብሎ መቁረጥ የምትፈልጉትን ነገር መጣል ነው።

ዙሩን ማግኘትና ማጠፍ

አሁን ፕሮግራሙ ራሱ ዙሩን ይፈልግ። ቦክስ ሊስት ስኩዌርስ የሚባል ዘዴ አለ፣ ባጭሩ ቢኤልኤስ። ከ2002 ጀምሮ ፕላኔት ፈላጊው ሁሉ የሚጠቀምበት ነው። ሥራው ቀላል ነው፦ ብርሃኑ ላይ ሳጥን ቅርጽ ያለው ጉድጓድ በእኩል ጊዜ ልዩነት ይደጋገም እንደሆነ፣ በየልዩነቱ እየሞከረ ያያል። ከግማሽ ቀን እስከ 10 ቀን ፈልግ በሉት። ከ13 ቀን በላይ ብትሉት በአንድ ሴክተር ውስጥ ሁለት ጊዜ መደጋገሙን እንኳ ማረጋገጥ አይችልም።

ውጤቱ ጫፍ ያለው ግራፍ ነው። ረጅሙ ጫፍ 0.94 ቀን ላይ ከቆመ ተሳክቶላችኋል። 1.88 ላይም ጫፍ ይኖራል። እሱ ሌላ ፕላኔት አይደለም፣ የዚያው እጥፍ ነው። ይህን ነገር ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ዳታውን በዚያ ዙር እጠፉት። ማለትም ከሃያ በላይ የሆኑትን ትራንዚቶች በሙሉ አንዱን በሌላው ላይ ደርቡ። ተበታትኖ የነበረው ነጥብ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ጥርት ያለ ጉድጓድ ይሆናል፤ ግራና ቀኙ ቁልቁል የወረደ፣ ታቹ ክብ ብሎ ለጥ ያለ። ታቹ ሙሉ ለሙሉ ጠፍጣፋ ያልሆነው ኮከብ መሐሉ ደማቅ፣ ጠርዙ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ነው፤ ፕላኔቱ መሐሉ ላይ ሲደርስ የሚጋርደው ብርሃን ይበዛል።

አሁን ሒሳብ። የጉድጓዱን ጥልቀት አንብቡ፤ 1 በመቶ አካባቢ ነው፣ 0.0095 እንበል። ጥልቀቱ የፕላኔቱ ገጽ ስፋት ለኮከቡ ገጽ ስፋት ሲካፈል ነው፤ ስለዚህ ስኩዌር ሩቱን ስትወስዱ የሬዲየሶቹን ንፅፅር ታገኛላችሁ፣ 0.097። የኮከቡ ሬዲየስ ከፀሐይ 1.25 እጥፍ ገደማ ነው። 0.097 ሲባዛ በ1.25፣ 0.121 የፀሐይ ሬዲየስ። የፀሐይ ሬዲየስ የጁፒተርን 9.7 እጥፍ ነውና 0.121ን በ9.7 ስታባዙት 1.17 ጁፒተር ይመጣል። ባለሙያዎቹ ያሳተሙት ቁጥር 1.2 አካባቢ ነው። አንድ ፋይልና አንድ ስኩዌር ሩት እዚህ ድረስ ያደርሳሉ።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ክብደቱን አላወቅንም። አሥር ጁፒተር ይመዝናል ያልኩት ከዚህ ግራፍ አልወጣም፤ ኮከቡ ሲወዛወዝ በመለካት ነው የታወቀው። ለዚያ ደግሞ ቺሊ ላ ሲያ እንዳለው ሃርፕስ ያለ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሃርፕስ የኮከብን ፍጥነት በሴኮንድ አንድ ሜትር ልዩነት ድረስ ይለካል፣ የሰው እርምጃ ያህል ማለት ነው። ላፕቶፕ የሚሠራው ሥራ የት ላይ እንደሚያበቃ እንድታውቁት ነው።

መጠርጠር

አሁን ወደ ሌላ ኮከብ ሄዳችሁ፣ ማንም ስሙን የማያውቀው፣ ጥሩ ጉድጓድ አገኛችሁ እንበል። ልባችሁ መምታቱ አይቀርም። ቆዩ። አብዛኛውን ጊዜ ፕላኔት አይደለም፣ እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንድ ከዋክብት ናቸው።

መጀመሪያ መጠኑን አስሉ። ከሁለት ጁፒተር በላይ ከመጣ በአብዛኛው ኮከብ ነው፣ ተዉት። ከዚያ በታች ከመጣስ? ገና አልዳናችሁም። ትንንሽ ቀይ ከዋክብት ጁፒተርን ሊያህሉ ይችላሉ፤ ክብደታቸው እንጂ መጠናቸው አይለያቸውም። ሬዲየስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ ያንን የእጥፍ ጉዳይ አንሱ። ቢኤልኤስ የነገራችሁን ዙር በሁለት አባዙትና እንደገና እጠፉት። አሁን ሁለት ጉድጓድ ታያላችሁ፤ አንዱ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛዎቹ የተደረቡበት፣ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛዎቹ። ጥልቀታቸው እኩል ከሆነ ጥሩ። አንዱ 1.2 በመቶ ሌላው 0.9 በመቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ሁለት ከዋክብት ተራ በተራ ይጋረዳሉ፣ አንዱ ከሌላው ደመቅ ስለሚል ጉድጓዶቹ ይለያያሉ፣ እውነተኛው ዙርም እጥፉ ነው። ይህች አንዲት ፍተሻ ብቻዋን ብዙ ውሸታም ትጥላለች፣ ሁለት ደቂቃም አትፈጅም። ሳያደርጋት «አገኘሁ» የሚል ሰው ያናድደኛል።

ከዚያ በሁለት ትራንዚቶች መሐል ያለውን ቦታ ዓይታችሁ ፈልጉ። ፕላኔቱ ከኮከቡ ጀርባ ሲሄድ የራሱ ብርሃን ይጠፋል፣ እሱም ትንሽ ጉድጓድ ይፈጥራል። ዋስፕ-18 ቢ በጣም የጋለ ስለሆነ ይህ ይታይበታል፤ ግን 0.03 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ሁሉንም ዙር ካልደረባችሁ በዓይን አይለይም። እናንተ ያገኛችሁት ኮከብ ላይ መሐሉ ላይ ግማሽ በመቶ የሚያህል ጉድጓድ ካለ፣ ከጀርባ የጠፋው ነገር ራሱ የሚያበራ ነው። ኮከብ ነው።

ቅርጹንም እዩ። የፕላኔት ጉድጓድ ታቹ ለጥ ይላል፤ ሹል ሆኖ ወርዶ ወዲያው የሚወጣ፣ እንደተገለበጠ የቤት ክዳን ያለ፣ በአብዛኛው ሁለት ከዋክብት ጠርዝ ለጠርዝ ሲነካኩ ነው። ሁልጊዜ አይደለም፤ ፕላኔትም የኮከቡን ጠርዝ ብቻ ታኮ ካለፈ ሹል ይሆናል። ስለዚህ ቅርጽ ጥርጣሬ ይጨምራል እንጂ ብቻውን አይፈርድም።

ትልቁ ወጥመድ ግን ጎረቤት ነው። የቴስ አንድ ፒክስል 21 አርክ ሰከንድ (አርክ ሰከንድ የሰማይ ስፋት የሚለካበት ትንሽ የማዕዘን መለኪያ ነው) ይሸፍናል፤ የኬፕለር 4 ብቻ ነበር። ስለዚህ ቴስ የአንድ ኮከብ ብርሃን ብላ የምትሰጣችሁ ብዙ ጊዜ የበርካታ ከዋክብት ድምር ነው። በሌሊት ከተራራ ላይ ሆናችሁ ሩቅ ያለ መንደርን እንደማየት ነው፤ አንድ ቤት መብራት ሲጠፋ የመንደሩ ብርሃን ትንሽ እንደደበዘዘ ይሰማችኋል፣ የማን ቤት እንደሆነ ግን አታውቁም። በቁጥር እንየው። ከደማቁ ኮከብ ጎን የድምሩን 2 በመቶ ብቻ የሚያበራ ደብዛዛ ኮከብ አለ እንበል። እሱ ጥንድ ሆኖ ግማሽ ብርሃኑ ቢጋረድ ድምሩ የሚቀንሰው በ1 በመቶ ነው። 1 በመቶ! ልክ ጁፒተር የሚያህል ፕላኔት የሚፈጥረው ጉድጓድ። እናንተ ግን ደማቁን ኮከብ ፕላኔት አለው ብላችሁ ደስታ ላይ ናችሁ።

መድኃኒቱ የፒክስሉን ፋይል ማውረድ ነው። ይህ ከበድ ይላል፣ በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፤ ግን ኮላብ ላይ ናችሁና ግድ የለም። እያንዳንዱን ፒክስል ለየብቻው ሳሉና ጉድጓዱ የቱ ላይ እንደሚጠልቅ እዩ። ደማቁ ኮከብ ባለበት ሳይሆን ዳር ካለ ፒክስል ላይ ከሆነ ጨዋታው አለቀ። ከዚያም ጋያ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት በሠራችው የከዋክብት ካታሎግ በዙሪያው ማን ማን እንዳለ ተመልከቱ።

ሳተላይቷ ራሷም ታሳስታለች። የምድርና የጨረቃ ብርሃን ካሜራዋ ውስጥ ሲረጭ ግራፉ ይንጋደዳል፣ በተለይ ከክፍተቱ ፊትና ኋላ። አቅጣጫ የምትጠብቅባቸውን ጎማዎች ፍጥነት ስታስተካክልም ለአጭር ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ፍተሻው ቀላል ነው፦ በዚያው ካሜራ ላይ ያለ ሌላ ኮከብ አውርዱና በዚያው ሰዓት ምን እንደሆነ እዩ። እሱም ላይ ጉድጓድ ካለ ችግሩ የመሣሪያው ነው።

ኮድ አልፈልግም ለሚል

ፕላኔት ሃንተርስ ቴስ የሚባል ፕሮጀክት አለ፣ ዙኒቨርስ በተባለው የበጎ ፈቃደኞች መድረክ ላይ። የብርሃን ግራፍ ያሳያችኋል፣ ጉድጓድ የመሰላችሁን ታቀልማላችሁ፣ ቀጣዩ ይመጣል። አንዱን ግራፍ ብዙ ሰው ስለሚያየው የእናንተ መሳሳት ምንም አይጎዳም። ምንም ስሌት የለውም።

ኮምፒውተር እያለ ሰው ለምን ያስፈልጋል? ቢኤልኤስ የሚፈልገው ተደጋጋሚ ነገር ነው። አንዴ ብቻ ያለፈ ፕላኔት ያመልጠዋል፣ ሰው ግን አንዲት ጉድጓድም ብትሆን ያያል። በ2020 የታተመው ቲኦአይ-813 ቢ የተገኘው እንዲህ ነው፤ ሳተርንን የሚያህል፣ በ84 ቀን አንዴ የሚዞር ፕላኔት፣ በበጎ ፈቃደኞች ዓይን። ከእነሱ በፊት የኬፕለርን ዳታ ያገላብጡ የነበሩት ደግሞ ብርሃኑ እስከ 22 በመቶ ድረስ የሚወርድ፣ ጊዜውም ቅርጹም ሥርዓት የሌለው ኮከብ አገኙ። በ2015 ዜናው ሲወጣ የሌላ ዓለም ፍጡራን ግንባታ ነው እስከማለት ተደርሶ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው አቧራ ነው የሚባለው። ፕሮግራም ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ቆሻሻ ዳታ ተጥሎ ይቀር ነበር።

ቴሌስኮፕ ካላችሁስ?

ካላችሁማ ኤችዲ 189733ን ሞክሩ። 65 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው የሚርቀው፣ ቀበሮዋ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ። ጉድጓዱ 2.4 በመቶ ይደርሳል፣ ዙሩ 2.2 ቀን ነው፣ ትራንዚቱ ሁለት ሰዓት አይሞላም። በባዶ ዓይን አይታይም፣ በባይኖኩላር ግን ይታያል። ካሜራ የተገጠመለት 20 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ ጉድጓዱን ይለካዋል። ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሩ፣ ካበቃም በኋላ አንድ ሰዓት ቀጥሉ፤ ከግራና ቀኙ መነሻ ከሌለ ምን ያህል እንደቀነሰ አታውቁም። ዋስፕ-18ን የመረጥኩት ለላፕቶፕ ነው፣ ለጓሮ ቴሌስኮፕ ይህኛው ይሻላል። ከኢትዮጵያ ሆናችሁ የምትሞክሩት ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ከመሸ ነው፤ በክረምት ደመናው አያስጠጋም።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የትራንዚት ሰንጠረዦች የሚጻፉት በዩኒቨርሳል ሰዓት ነው። አገር ቤት ላላችሁ አቋራጩ ይህ ነው፦ ከዩኒቨርሳሉ 3 ቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፤ የኛ ሰዓት ይወጣል። 18 ሰዓት ከተባለ 15፣ ከዚያ 3፤ ማታ 3 ሰዓት። 16:30 ከሆነ ማታ 1 ሰዓት ተኩል። የለካችሁትን ናሳ ኤክሶፕላኔት ዎች ለተባለው ፕሮግራም መላክ ትችላላችሁ፤ የፕላኔቶቹ ሰዓት ሳይታደስ ሲቆይ ግምቱ እየሰፋ ስለሚሄድ የአማተር መለኪያ ለትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ይጠቅማል።

አዲስ ነገር ከመሰላችሁ

ፍተሻውን ሁሉ አልፎ የቀረ ነገር ካለ፣ መጀመሪያ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ እንደሆነ አጣሩ። የናሳን የኤክሶፕላኔት ማኅደር ፈልጉ፣ ኤክሶፎፕ የሚባለውን የዕጩዎች መዝገብ ፈልጉ፣ የተለዋዋጭ ከዋክብት ዝርዝር የሆነውን ቪኤስኤክስንም አትርሱ፤ ጥንድ ከዋክብት ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። ከሦስቱም ካልተገኘ የፕላኔት ሃንተርስ የውይይት ክፍል ላይ ጻፉ፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እዚያ ገብተው ያነባሉ።

ስትጽፉ «ፕላኔት አገኘሁ» አትበሉ። የሴክተሩን ቁጥር፣ ጉድጓዱ የታየበትን ሰዓት፣ ጥልቀቱን፣ የተራ በተራውን ፍተሻ ውጤትና ጎረቤት ከዋክብቱን አስቀምጡ፣ የታጠፈውን ግራፍም ለጥፉ። እያንዳንዱ ኮከብ ቲአይሲ የሚባል መለያ ቁጥር አለው፤ እሱን መጀመሪያው መስመር ላይ አድርጉት፣ ያለ እሱ የትኛውን ኮከብ እንደምታወሩ ማንም አያውቅም።